ከድሬዳዋ ቁልቢ ገብርኤል በእግር፦ ስንት ቀን፣ የትስ ይታደራል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የድሬዳዋው የገንደ ቆሬ ሰፈር ልጅ ናት። ለታኅሣሥ ገብርኤል ሰባት ሆነው ከድሬዳዋ ቁልቢ በእግር ሊሄዱ አስበዋል። አብረው የሚሄዱት እናቷ 58 ዓመታቸው ነው፤ ስለታቸው «በእግሬ መጥቼ እሳለምሃለሁ» የሚል ነው፤ የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳሉ። ወንድሞቿ «በሁለት ቀን እንገባለን፣ ማደሪያ ስንደርስ እንፈልጋለን» ይላሉ። በሁለት ቀን ይደረሳል ወይ? የት የት ይታደራል? ውኃና ስንቅስ ምን ያህል ይያዝ?

እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ። ወንድሞችሽ በሁለት ቀን ይገባሉ። እናትሽ ግን በሁለት ቀን ቢገቡ እንኳ እግራቸው አብጦ፣ ጉልበታቸው ዝሎ ነው የሚገቡት፤ የመጡበትን ማኅሌትና ቅዳሴ ተኝተው ያሳልፉታል። ስለዚህ ሦስት ቀን አድርጉት። ታኅሣሥ 15 ሌሊት ከድሬዳዋ ተነሱ፣ 17 ቁልቢ ግቡ፣ 18ን ቀኑን ሙሉ ዐርፋችሁ ማታ ለዋዜማው ቁሙ። «ማደሪያ ስንደርስ እንፈልጋለን» የሚለው ደግሞ በሌላ ወር ቢሆን ያስኬድ ነበር፤ በንግሡ ሰሞን ግን ሜዳ ላይ ያስቀራል።

ብዙ ሰው ሲያቅድ ጠቅላላውን ኪሎ ሜትር ለቀኑ ያካፍላል። ከድሬዳዋ ቁልቢ በተለምዶ 68 ኪሎ ሜትር ይባላል፤ ለሁለት ሲካፈል 34 ይመጣል፤ «ለአንድ ቀን ምን አላት» ተብሎ ይወጣል። ይህ መንገድ ግን እኩል አይከፈልም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሐረሩና የቁልቢው መንገድ የሚለያይበት ደንገጎ መገንጠያ ስትደርሱ ወደ 1000 ሜትር የሚጠጋ ሽቅብ ወጥታችኋል፤ ያንን ሁሉ የወጣችሁት በመጀመሪያዎቹ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። ከደንገጎ በኋላ ያለው ከፍታው ላይ የሚሄድ፣ ወጣ ገባ የሚል መንገድ ነው። ስለዚህ ቀኑን የሚከፍልላችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከመካከላችሁ ቀስ ብሎ የሚራመደው ሰው፣ እና ጣራ ያለበት ቦታ። ከሐረር ወይም ከአዲስ አበባ ለሚነሳም ነገሩ ያው ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ሒሳብ አብረን እንሥራው። ሽማግሌ ያለበት ቡድን ሜዳ ላይ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሄዳል ብንል፣ 20ው ኪሎ ሜትር 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይወስዳል። ለሽቅቡ በየ600 ሜትር ከፍታ 1 ሰዓት ጨምሩ፤ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ዕረፍት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለምግብ 40 ደቂቃ ጨምሩበት። ድምሩ 9 ሰዓት አለፍ ይላል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ብትነሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ደንገጎ ናችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «ቁርስ ቀምሰን እንውጣ» ካላችሁ ግን ከባዱ ሽቅብ ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ፀሐይ ላይ ይወድቃል፣ የምትገቡትም ሊመሽ ሲል ነው። ታኅሣሥ ቀዝቃዛ ወር ቢሆንም የድሬዳዋ ቀትር ታኅሣሥንም አይምርም። በየ1000 ሜትሩ አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል፤ ከ4 ሰዓት በፊት ከፍ ብሎ የተገኘ ሰው ቀኑን ጥላ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይጨርሳል።

ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ማለት ግን ሁለት ሰዓት ያህል በጨለማ መሄድ ማለት ነው፤ በዚያ ወር ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ይህን የጨለማ ጊዜ ከተማውና ከከተማው ወጣ ያለው ገር መንገድ ላይ ጨርሱት፤ ጠመዝማዛው ላይ ሲነጋላችሁ ግቡ። ከፊት አንድ ነጭ ባትሪ፣ ከኋላ አንድ ቀይ መብራት፣ ለፊተኛውና ለኋለኛው ሰው የትራፊክ ፖሊስ የሚለብሰው ዓይነት አንጸባራቂ ሰደርያ ያስፈልጋል። የነጠላ ንጣት ሹፌሩ ቅርብ እስኪደርስ ድረስ አይታይም፤ አንጸባራቂው ግን ከሩቅ ያበራል።

ስለ መኪና ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ በዚህ መንገድ ላይ ከእግር ቁስል በላይ የሚያሰጋው እሱ ነው። ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው የጫት መኪና ይከንፋል፤ ቅጠሉ ጠውልጎ ዋጋ ሳያጣ ለመድረስ ሹፌሩ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል። ከባድ ጭነት የያዘው ደግሞ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል። ስለዚህ ሁልጊዜ በግራ በኩል፣ መኪናው ከፊታችሁ ሲመጣ እያያችሁት፣ በአንድ መስመር ሂዱ። ኩርባ ላይ ግን ይህ ሕግ አንድ ጊዜ ይገለበጣል። መንገዱ ወደ ግራ የሚታጠፍ ከሆነና ግራችሁ የተራራው ግድግዳ ከሆነ፣ የሚወርደው ሹፌር እናንተን የሚያያችሁ አፍንጫው ሥር ስትደርሱ ነው። ኩርባው ከመድረሱ 50 ሜትር በፊት፣ ቀጥ ባለው ቦታ ላይ፣ አንድ ሰው ጆሮውን ጥሎ መኪና አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ወደ ውጭው ጠርዝ ተሻገሩ፤ ኩርባውን ስታልፉ ተመለሱ። ሁለት ሁለት እየሆኑ መሻገር የለም። ውጭው ጠርዝ ላይ ግን ለዕረፍት እንዳትቀመጡ፤ ፍሬን የበጠሰ መኪና የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ዕረፍት ሁልጊዜ ቀጥ ያለና ሰፊ ዳር ያለው ቦታ ላይ ይሁን።

አቋራጩን ወንድሞችሽ ማንሳታቸው አይቀርም። ጠመዝማዛውን የሚቆርጡ የእግር መንገዶች አሉ፤ የአካባቢው ሰው ፍየሉን እየነዳ ይወጣባቸዋል። ለእናትሽ አይሆኑም። ጠጠሩ ይንሸራተታል፣ ቁጥቋጦው እሾሃም ነው፤ ያተረፋችሁትን ሩብ ሰዓት ቁርጭምጭሚት በመጠምዘዝ ትከፍሉታላችሁ። ከደንገጎ በላይ ደግሞ በመሸ ጊዜ በማሳ ውስጥ አቋርጣችሁ እንዳትሄዱ። የጫት ማሳ ሌሊት ይጠበቃል፤ ጠባቂው በጨለማ የሚመጣን ሰው ተሳላሚ ነው ብሎ አያስብም። ጅብም አለ።

አሰላለፍ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እነግርሻለሁ፦ እናትሽ ከፊት ይሁኑ። በልማድ ጎረምሳው ቀድሞ ይሄድና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እናት እያለከለኩ ሲደርሱ እሱ ዐርፎ ጨርሷል፤ «እንሂድ» ይላል። በዚህ አካሄድ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ያላረፈው የደከመው ሰው ነው። እሳቸው ከፊት ከሆኑ የቡድኑ ፍጥነት የእሳቸው ፍጥነት ይሆናል፣ ሁሉም እኩል ያርፋል። ልኩን በንግግር ዕወቂው፤ ሽቅብ ላይ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃታቸው ፈጥነዋል። ከኋላ ጠንካራ ወንድ ይሁን፤ ማንም ከእሱ ኋላ አይቀር፣ ለሽንት የሚቆምም ቢሆን።

የግፊቱን ነገር ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ከሐኪማቸው ጋር ጨርሱ። «ስንት ነው ግፊቷ» ብሎ መመለስ አይበቃም፤ በቀን 8 ሰዓት ሽቅብ እንደሚሄዱ፣ በጾም እንደሚሄዱ፣ የኪኒናቸውንም ስም ተናገሩ። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት ሽንት የሚያበዛ ነው፤ ላብ ሲጨመርበት ሰውነት ቶሎ ይደርቃል፣ ሲነሱ ያዞራል። በራስ ፈቃድ ማቆምም፣ መቀነስም አይገባም። ኪኒኑን ለ7 ቀን የሚበቃ አድርጋችሁ ሁለት ቦታ ከፍላችሁ ያዙ። ደረት ላይ መጨናነቅ፣ በአንድ ወገን መዛል፣ ንግግር መጎተት፣ ወይም ዐርፈው የማይተው ማዞር ካዩ ጉዞው እዚያው ይቆማል፤ በመጀመሪያው መኪና ወደ ሕክምና።

የታኅሣሥ ገብርኤል በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው የሚውለው። እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ መቆየት የለመዱ እናቶች በጉዞ ቀንም ውኃ ሳይጠጡ ሊሄዱ ይፈልጋሉ። ይህንን መንገድ ላይ ልጅ ከእናት ጋር ቢከራከርበት ልጅ አያሸንፍም። ከመነሳታችሁ በፊት ንስሐ አባታቸው ዘንድ አብረሽ ሂጂ፤ መድኃኒታቸውንም፣ መንገዱንም ንገሪያቸው። ሁለተኛም ይጠየቁ፦ ሰውነታቸው እንቢ ቢልና ጥቂቱን በመኪና ቢሄዱ ስለቱ እንዴት ይሆናል? መልሱ የካህን ነው፤ መልሱን ይዘው ከተነሱ ግን ደንገጎ ላይ ደክመው ሳለ «ስለቴን አላፈርስም» ብለው ራሳቸውን አይጎዱም።

አሁን ወደ ማደሪያው። ሰባት ሰው ስንቅና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ሽቅብ ሲወጣ ይታክታል፤ ሰባት ሰው ደርሶ በር በር ሲያንኳኳ ደግሞ የሚሰጠው የቀረው ክፍል ነው። የሁለቱም መፍትሔ አንድ ሰው ነው፦ ቀዳሚ። ከቡድኑ አንዱ ወይም ስለት የሌለበት ዘመድ በየቀኑ ዕቃውን ይዞ በሚኒባስ ቀድሟችሁ ይሂድ፤ ክፍሉን ይረከብ፣ ውኃ ያስቀዳ፣ ሽሮ ያስጥድ። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ሽቅቡ መካከል ላይ ወርዶ 10 ሊትር ውኃ ይዞ ይጠብቃችሁ። ያኔ እያንዳንዳችሁ የምትሸከሙት ውኃ፣ ስንቅ፣ ጋቢና መድኃኒት ብቻ ሆኖ ከ5 ኪሎ አይበልጥም። ቀዳሚ ከሌለ ግን የሸክሙ ጣራ ከራስ ክብደት አንድ አሥረኛ ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ6 ኪሎ በላይ አይያዝ።

የመጀመሪያው አዳር ደንገጎ። መገንጠያ ላይ ያለ ትንሽ ከተማ ስለሆነ የመንገደኛ አልጋ አለ፤ ጫጫታም አለ፤ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ማርሽ ሲቀይር ይሰማል። ከአስፋልቱ ፊት ለፊት ያለውን ትታችሁ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ክፍል ጠይቁ። ደንገጎ ከሞላ ወይም ለእናትሽ የተሻለ አልጋ ከፈለጋችሁ ወደ ሐረር አቅጣጫ በሚኒባስ ሄዳችሁ ሐረማያ አድራችሁ ጠዋት ደንገጎ ላይ ካቆማችሁበት መቀጠል ትችላላችሁ። እግር የቆመበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርጎ በማግስቱ ከዚያው መጀመር ስለትን እንደማያጓድል ብዙ ተሳላሚዎች ይስማማሉ፤ ይህንንም ከንስሐ አባት ጥያቄዎቹ ጋር ጨምሪው።

ሁለተኛው ቀን ቀርሳንና ወተርን ይዞ ወደ ላንጌ ነው። ሁለተኛውን ሌሊት ወተር ወይም ላንጌ እደሩ፤ ወደ ቁልቢ በተጠጋችሁ ቁጥር ሦስተኛው ቀን ያጥርላችኋል። የትኛው እንደሚሻል ደንገጎ ሆናችሁ በእናትሽ እግር ወስኑ እንጂ ድሬዳዋ ሆናችሁ አትቁረጡ፤ ቀዳሚው በሁለቱም ቦታ ሰው አነጋግሮ ይቆይ። ትልቅ ሆቴል አትጠብቁ። ፔንሲዮን ካልተገኘ ቤተሰብ ቤት በኪራይ ማደር፣ ወይም ግቢ ውስጥ ድንኳን መትከል ነው። የአካባቢው ሰው አብዛኛው ሙስሊም ኦሮሞ ነው፤ ተሳላሚን ያውቃል፣ ውኃ ለጠየቀ አይከለክልም። «ቢሻን» ብሎ በኦሮምኛ ውኃ መጠየቅ፣ ከመጠጣት በፊት ሰላምታ ማስቀደም፣ ሜዳ ላይ ከመቀመጥ በፊት ባለ መሬቱን ማስፈቀድ ብዙ በር ይከፍታል። በዚያ ወር ማሽላ የሚታጨድበት፣ የሚከመርበት ነው፤ ክምር አጠገብ እሳት እንዳታነዱ፣ ጧፍም እንዳታበሩ።

ክፍል ስትይዙ ቀዳሚው በዓይኑ ይይ። ፍራሹን ያንሳና ስፌቱን በባትሪ ይመልከት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው፤ ብርድ ልብሱን መቀየር አያድንም፣ ክፍሉን ይቀይር። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? የግቢው በር ሌሊት ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ 10 ሰዓት ላይ ማን ይከፍትላችኋል? ይህን ሳይጠይቁ ያደሩ ተጓዦች ዘበኛው እስኪነቃ ግቢ ውስጥ ቆመው ቀዝቃዛውን ሰዓት ያባክናሉ። ዋጋውን «ለታኅሣሥ 17፣ 18 እና 19 ሌሊት» ብሎ በቀን ጠቅሶ ይስማማ፤ «የአልጋ ዋጋ ስንት ነው» ብሎ ከጠየቀ የአዘቦቱን ይነግሩትና በበዓሉ ቀን ሌላ ይሆናል። ቀብዱ በቴሌብር ይላክ፤ ደረሰኝ ባይሰጡ እንኳ የስልኩ መልእክት ማስረጃ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ከፍታው ላይ የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ሰውም የከሰል ምድጃ ወደ ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ ይተኛል። ይህ ይገድላል። የከሰሉ ጭስ ቢያልቅም መርዛማው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ ነው የሚመጣው፣ የተኛ ሰው አይነቃም። ቡናውን ውጭ አፍሉ፣ ምድጃው ውጭ ይደር። ለብርዱ መፍትሔው ከሥር ነው፦ ብርድ የሚመጣው ከመሬት ስለሆነ ከፍራሽ ወይም ከሰሌን ሥር ሁለት ድርብ ካርቶን አንጥፉ። ለአንድ ሰው አንድ ጋቢ፣ ለሁለት ሰው አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ደረቅ ካልሲና ሹራብ ለመኝታ ብቻ የተለየ። በላብ በረጠበ ልብስ የተኛ ሰው ሲነጋ በብርድ ተቆራምዶ ይነሳል።

ቁልቢን በተመለከተ ምርጫው ሦስት ነው። ክፍል ከፈለጋችሁ ቢያንስ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ሰው ልካችሁ ያዙ፤ ለእናትሽ ብቻም ቢሆን ይገኝ፣ እናንተ ደጅ ብታድሩ ችግር የለውም። ሁለተኛው የድንኳን ቦታ ነው፤ 17 ከቀትር በፊት የደረሰ መርጦ ይተክላል፣ 18 ማታ የደረሰ በሰው እግር መካከል ይተኛል። ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና አካባቢው ነው፤ በረከቱን ፈልጎ ብዙ ሰው በዚያ ያድራል፤ እንቅልፍ ግን የለም። ድንኳን ስትተክሉ ከመኪና ማቆሚያው ራቁ፤ በጨለማ ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና መሬት ላይ የተኛን ሰው አያይም። ከመጸዳጃው ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አትሁኑ። ድንኳን ውስጥ ጧፍ አይበራም፤ ላስቲክና ሸራ በአንድ ጊዜ ይያያዛል።

በንግሡ ዕለት ስልክ ይጨናነቃል፤ ስለዚህ 18 በቀን ብርሃን የመገናኛ ቦታ ምረጡ፣ ሁላችሁም በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት። «በሩ ጋ» አይባልም፤ በሩ ጋ ሺህ ሰው አለ። የስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በእናትሽ ነጠላ ጫፍ ይቋጠር። ገንዘቡና የስለቱ ዕቃ ደረት ላይ በውስጥ ኪስ ይሁን፤ ታቦቱ ሲወጣና ግፊያው ሲበዛ ሌባም ሥራው ላይ ነው። ታቦቱ ዑደት ሲያደርግ እናትሽን ወደ መሃል አታስገቧቸው፤ ከፍ ያለ ጠርዝ ፈልጋችሁ በግራና በቀኝ ቁሙላቸው።

ውኃ። በሽቅቡ ቀን ለአንድ ሰው 3 ሊትር፣ በሌሎቹ ቀናት 2 ሊትር ተኩል ያዙ። በአንድ ጊዜ መጋት ሳይሆን በየሩብ ሰዓቱ ሁለትና ሦስት ጉንጭ። ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ከመሰለ ዘግይታችኋል። የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውኃ በውኃ አጋር አክሙ፣ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትጠጡ። ሕዝብ በበዛበት ቦታ አተት የሚነሳው በውኃና በእጅ ነው፤ ሳሙና የሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ይኑር። ተቅማጥ ከጀመረ፣ ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት) ከሌለ፣ 1 ሊትር የታከመ ውኃ ላይ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው ማብዛት አይጠቅምም፣ ይጎዳል። እናትሽ ጨው የተከለከሉ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ቀድመሽ ንገሪው።

ስንቁ በጾም ስለሆነ ቀላል ነው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ያለ ቅቤ፣ የባቢሌ ለውዝ፣ ተምር፣ ሙዝ። ቆሎ ብቻውን ውኃ ያስጠማል፤ ሽቅብ ላይ ተምርና በሶ ይሻላል። ማታ ትኩስ ሽሮ በእንጀራ።

እግር ላይ የሚሠራው ስህተት ሁሌም አንድ ነው፤ ለጉዞው አዲስ ጫማ መግዛት። ቢያንስ አንድ ወር የተለመደ ጫማ፣ ከእግር ግማሽ ቁጥር የሰፋ፤ ቀን ሙሉ የሄደ እግር ያብጣል። ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት በአግድም ይቆረጥ። ጠዋት ተረከዝና የጣት መካከል ቫዝሊን፣ ቀትር ላይ ካልሲ መቀየር። ሙቀት ወይም መቆጥቆጥ የተሰማ ዕለት፣ ገና ሳይቋጥር፣ ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ፤ «ትንሽ ሄጄ አየዋለሁ» ያለ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ውኃ የቋጠረ እግር ይዞ ይቀመጣል። የቋጠረውን ቆዳ አትላጡት፤ ሸፍናችሁ ተዉት። ባዶ እግር ለመሄድ ስለት ያለበት ሰው ካለ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይሂድበት፤ ከድሬዳዋ ጀምሮ በቀትር አስፋልት ላይ ከሆነ እግሩ ደንገጎ ሳይደርስ ይቃጠላል።

ዝግጅቱ ከአምስትና ስድስት ሳምንት በፊት ይጀመር። በሳምንት ሁለት ቀን ከተማ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ደንገጎ መንገድ ሽቅብ ሁለትና ሦስት ሰዓት ወጥቶ በሚኒባስ መመለስ። ቢያንስ አንድ ጊዜ ሁለት ቀን በተከታታይ ይኬድ፤ እውነተኛው ፈተና የሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። እናትሽ በማግስቱ ጠዋት ያለ ሕመም ደረጃ መውረድ ከቻሉ ለሦስት ቀኑ ይደርሳሉ። ካልቻሉ አራት ቀን አድርጉት፤ ታኅሣሥ 14 ተነስታችሁ ደንገጎ ላይ አንድ ቀን ዋሉ።

ከሐረር የሚነሳ ዘመድ ካላችሁ እሱ የሚሄደው በአወዳይ፣ በሐረማያና በአዴሌ አድርጎ ደንገጎ ነው። ሐረር ራሷ 1885 ሜትር ላይ ስለሆነች የእናንተ ዓይነት ሽቅብ የለበትም፤ ርቀቱ ግን ከእናንተ ይረዝማል። የመጀመሪያ አዳሩ ሐረማያ ይሁን። አወዳይን በጠዋት ይለፈው፤ የጫት ገበያው ሲጦፍ መንገዱ ላይ የእግረኛ ቦታ የለም። ለሐምሌ ገብርኤል የሚሄድ ደግሞ እዚህ ከጻፍኩት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይነሳ፤ የድሬዳዋ ሙቀት ይብሳል፣ ከፍታው ላይ ከቀትር በኋላ ዝናብ ይጠብቃል፣ ካርቶኑ በላስቲክ ይተካል። ጾሙ ከረቡዕና ዓርብ በቀር የለም።

መመለሻችሁን ለ19 ከሰዓት አታድርጉ። ቅዳሴውና ዑደቱ ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ታሪፉ ይንራል፣ ደክሞት ሌሊቱን ያልተኛ ሹፌር ቁልቁለቱን ይይዛል። 20 ጠዋት ከነጋ በኋላ በሚኒባስ ውረዱ። እናትሽ ከፊት ወንበር ይቀመጡ፣ እግራቸውን ይዘርጉ፣ በየሰዓቱ ወርደው ጥቂት ይራመዱ። ድሬ ገብተው በማግስቱ አንድ እግራቸው ብቻ አብጦ ጥጃው ላይ የሚያም ከሆነ የጉዞ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ያን ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።